የቤታችሁን ችግር እንዴት ጭውውት ታደርጉታላችሁ? ከቻርሊ ቻፕሊን የተማርኩት

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሰፈራችን ወጣቶች ጭውውት አለማምዳለሁ። ከሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ተቸግረው ያደጉ ናቸው። ሁሉም ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይዘውልኝ ይመጣሉ። «ያሳለፍኩትን ነገር መድረክ ላይ እንዴት ላቅርበው? ስናገረው ሰው ያዝንልኛል እንጂ አይስቅም።»

ጥያቄው እኔንም ለዓመታት አንገላቶኛል። መልሱን ያገኘሁት ድምፅ አልባ ፊልሞችን በመሥራት ከታወቀው ኮሜዲያን ከቻርሊ ቻፕሊን ነው። ዛሬ እሱ የሄደበትን መንገድ ከራሴ ቤት ከወጣ አንድ ታሪክ ጋር እያያዝኩ አሠራሩን አሳያችኋለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቻፕሊንን መጀመሪያ ያየሁት ሽሮ ሜዳ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ሌላ ፊልም ሲታይ አንድ ጎረምሳ ከፊት ቆሞ ያስተረጉምልን ነበር። የዚያን ቀን ግን እሱም ቁጭ ብሎ አየ። የሚተረጎም ነገር አልነበረም። ትንሽ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ይራባል፣ ይባረራል፣ ይወድቃል። ከወደቀበት ይነሳና ኮቱን አራግፎ ኮፍያውን ያስተካክላል። ቤቱ በሳቅ አለቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ኮፍያውን ሲያስተካክል እናቴ ትዝ አለችኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

የሰውዬው ሕይወት ባጭሩ ይህን ይመስላል። በ1889 ለንደን ተወለደ። አባትም እናትም የመድረክ ዘፋኞች ነበሩ። አባቱን መጠጥ በላው፤ በ1901 ሲሞት አርባ እንኳ አልሞላውም። እናቱ ሐና ድምጿ ተበላሸ፤ ከድምጿ ጋር ሥራዋ ሄደ፤ በኋላም አእምሮዋ ታወከ። ቻርሊ በ7 ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ከሲድኒ ጋር ላምቤዝ ወደሚገኘው የድሆች መጠለያ ገባ። ከዚያ ሀንዌል ወደሚባል የድሃ ልጆች ማሳደጊያ ትምህርት ቤት ተላከ። እዚያ ፀጉሩ ላይ ቆረቆር ወጣበትና ራሱን ላጭተው አዮዲን ቀቡት። በ14 ዓመቱ እናቱን ራሱ እየደገፈ ሐኪም ቤት አደረሳት። ሲድኒ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ባሕር ላይ ነበር። ልጁ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን ቀረ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አንድ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ቢዘረዝርላችሁ ታለቅሳላችሁ። ቻፕሊን አልዘረዘረውም።

የመጀመሪያው ሥራ አንዲት ቅጽበት መምረጥ ነው። ሕይወታችሁን ሙሉ ይዛችሁ አትምጡ። «አስቸጋሪ ልጅነት ነበረኝ» ብሎ ነገር ጭውውት አይሆንም። አምስት ደቂቃ የማይሞላ፣ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ፣ እጃችሁ ላይ የሆነ ዕቃ ያለበት ነገር ፈልጉ።

የቻፕሊንን የመጀመሪያ መድረክ እዩ። አምስት ዓመቱ ነው። እናቱ አልደርሾት በምትባል የወታደር ከተማ ስትዘፍን ድምጿ ተሰነጠቀ፤ ሰው ጮኸባት። የቤቱ ኃላፊ ልጁን በእሷ ቦታ መድረክ ላይ አቆመው። ልጁ መዝፈን ጀመረ። ገና ግማሽ ሳይደርስ ሳንቲም ይዘንብለት ጀመር። እሱም ዘፈኑን አቆመና መጀመሪያ ሳንቲሙን እንደሚለቅም፣ ከዚያ እንደሚቀጥል ለሕዝቡ ተናገረ። ኃላፊው መሐረብ ይዞ ሊያግዘው መጣ። ልጁ ሰውዬው ገንዘቡን ሊወስድብኝ ነው ብሎ ፈራ። ሳንቲሙ እናቱ እጅ እስኪገባ ድረስ ከኋላ ከኋላው ተከተለው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ይህን ራሱ ቻፕሊን ሸምግሎ ጽፎታል።

ልጁ ሊያስቅ አላሰበም። ያሰበው ስለ ሳንቲሙ ነው። ሳንቲም ለዚያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃልና።

የእኔዋ ቅጽበት ይህች ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ ታላቅ ወንድሙ ከገጠር ሊጠይቀን መጣ። እናቴ ጥጥ ፈትላ ነበር የምታሳድገን። ቡናው ተቆልቷል፣ ስኳር ግን የለም። ይህን ደግሞ አጎቴ ማወቅ የለበትም። እናቴ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። በጓሮ ወጥቼ ከጎረቤታችን አንድ የሻይ ብርጭቆ ስኳር ተበደርኩ። ስመለስ ጓሮው ተቆልፏል። በፊት በር መግባት አለብኝ፤ አጎቴ ደግሞ በሩ ላይ ተቀምጧል። ብርጭቆውን ከታላቅ ወንድሜ በወረስኩት ጃኬት ውስጥ ሸሸግሁት። የጃኬቱ ዚፕ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ በግራ እጄ ደግፌ ይዤዋለሁ። አጎቴ አየኝና «ና እስቲ የወንድሜ ልጅ!» አለ።

ጉልበቱን መሳም አለብኝ። ጎንበስ ካልኩ ስኳሩ ይደፋል።

አንዲት ቅጽበት ስላችሁ እንዲህ ያለችውን ነው። ከሷ በፊት ያለውን ችግር ሁሉ አስረዱ ማለት የለም። ብርጭቆው ራሱ ያስረዳል።

ቀጥላችሁ ሰውዬው በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ። ልጆቼ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት። «ድሃ ነው፣ ስለዚህ ምስኪን ይሁን» ይላሉ። ከንፈራቸውን ጥለው፣ ትከሻቸውን ሰብረው ይገባሉ። ምስኪንነት አያስቅም፤ ብዙ ጊዜም አያስለቅስም። የሚያስቀውም የሚያስለቅሰውም ሰው ክብሩን ለመጠበቅ ሲታገል ነው። እኔ በዚያች ደቂቃ ስኳር አልነበረም የምፈልገው። የፈለግሁት አጎቴ ፊት እናቴ እንዳትዋረድ ነው።

ቻፕሊን በ1925 በሠራው ዘ ጎልድ ራሽ በሚባል ፊልም ውስጥ ጫማ ይበላል። መነሻው የሚያስቅ ነገር አልነበረም፤ በ1846 በረዶ ላይ ታግደው ብዙዎቹ በረሃብ ስላለቁ አሜሪካውያን መንገደኞች አንብቦ ነው። ትዕይንቱ ላይ ረሃብተኛው ጫማውን ቀቅሎ ሳህን ላይ ያቀርባል። ማሰሪያውን እንደ ፓስታ ሹካ ላይ ይጠቀልላል። ሚስማሮቹን የዶሮ አጥንት ይመስል አንድ በአንድ ይመጥጣቸዋል። አንዲት ጊዜ እንኳ «ይሄ ጫማ ነው» የሚል ፊት አያሳይም። ግብዣ ላይ የተቀመጠ ጌታ ነው። የተበላው ጫማ የተሠራው ከሊኮሪስ፣ ማለትም ከአንድ ዓይነት ጥቁር ከረሜላ ነው። ፊቱን ያበጀው ግን ያ ከረሜላ አይደለም። የተራበ ሰው ምግብ ፊት ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ከልጅነቱ ያውቅ ነበር።

ይህን ልምምድ ላይ እንዲህ ሞክሩት። ተዋናዩ ባዶ ድስት ፊት ይቀመጥ። ረሃብን አሳይ አትበሉት። ለእንግዳ አጉርስ በሉት። ባዶ እጁን ምን ያህል በጥንቃቄ እንደሚጠቀልል እዩ።

ሦስተኛው ነገር ሰው ማየት ነው። የቻፕሊን እናት ታማም ደኽይታም መስኮት ላይ ተቀምጣ መንገደኛውን ታይ ነበር። ያ ሰውዬ ጫማውን ሳይወለውል ወጥቷል፣ እግሩን ይጎትታል፣ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ቁርስ ሳይበላ መሆን አለበት ትለዋለች። ከዚያ ተነስታ ሰውዬውን በእጇና በፊቷ ትሆንለታለች። ሰው ማየትን የተማርኩት ከእሷ ነው ብሏል። ድራማ ትምህርት ቤት አልገባም፤ በ14 ዓመቱ የመጀመሪያ ትልቅ የቲያትር ሥራውን ሲያገኝ ማንበብ እንኳ ገና ይቸግረው ነበር። ቃለ ተውኔቱን አስነብቦ ያስጠናው ሲድኒ ነው።

እኛ መስኮት አያስፈልገንም፤ የታክሲ ሰልፍ አለን። ለልጆቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ይህ ነው። ጠዋት አንድ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ብቻ ምረጡ። እግሩን ብቻ እዩ። ክብደቱን የት ላይ ነው የጣለው? ወደ ፊት ስንት ጊዜ ያያል? ቅዳሜ ስትመጡ ያንን ሰው ሆናችሁ አዳራሹን አቋርጡ። ሳትናገሩ። እኛ ሰውዬው ለሥራ ረፍዶበት እንደሆነ ወይም ወደማይፈልገው ቦታ እየሄደ እንደሆነ ካወቅን ሠርታችኋል። አንዷ ልጅ አንድ ቀን ፌስታል ይዛ የምትቆም ሴትዮ ሆና መጣች። ፌስታሉን በየሠላሳ ሰከንዱ ከእጅ ወደ እጅ ታዛውረዋለች። ውስጡ ምን እንዳለ ሳንጠይቃት ለታመመ ሰው የሚወሰድ ምግብ እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። በየደቂቃው ሙቀቱን በመዳፏ ትለካ ነበር።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። ድሃ ለመምሰል የተቀደደ ልብስ አትልበሱ። ቻፕሊን በ1914 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያን ልብሱን ሲመርጥ ሁሉም ነገር እርስ በርሱ እንዲጣላ ፈለገ። ሱሪው ሰፊ፣ ኮቱ ጠባብ። ኮፍያው ትንሽ፣ ጫማው ትልቅ። ክራቫትና ከዘራም አለው። ሰውዬው ቤት የለውም፤ ለባብሶ የወጣው ግን እንደ ጨዋ ሰው ነው። የኔም ጃኬት እንደዚያው ነው። አልተቀደደም፣ ታጥቧል፣ እናቴ ተኩሳዋለች። ዚፑ ብቻ ግማሽ ላይ ይቆማል። ጭውውቱን የሚሸከመው ያ ዚፕ ነው።

አሁን ስለ አንድ የከፋ ምሽት ልንገራችሁ፤ ብዙ ጀማሪ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ቻፕሊን ገና ወጣት ሳለ ብቻውን ቀልድ ሊናገር ለንደን ውስጥ አንድ አዳራሽ ገባ። ጢም ለጥፎ አይሁዳዊ መስሎ፣ ከመጽሐፍ የቀዳውን ቀልድ ያወራ ጀመር። ሰፈሩ የአይሁዶች ሰፈር ነው። አዳራሹ ሙሉ እነሱ ናቸው። ቀልዶቹ ያረጁ ከመሆናቸውም በላይ እነሱኑ የሚያዋርዱ ነበሩ። ሳንቲምና የብርቱካን ልጣጭ ወረወሩበት፤ እግራቸውን መሬት ላይ እየደበደቡ ጮኹበት። ከመድረክ ወርዶ በቀጥታ ወጣ፤ ወደዚያ ቤት አልተመለሰም።

ከዚያ ሁለት ነገር ይዞ ወጣ። አንደኛ፣ ብቻውን ሰው ፊት ቆሞ ቀልድ የሚያወራ ዓይነት አስቂኝ እንዳልሆነ አወቀ። እሱ ገጸ ባህሪ ሆኖ የሚኖር ሰው ነው። እናንተም የትኛው እንደሆናችሁ ቶሎ እወቁ። ወሬ የሚዋጣለት አለ፣ ዝምታ የሚዋጣለት አለ። ሁለተኛው ለእኛ ሀገር ይበልጥ ያስፈልጋል። በአንድ ሕዝብ አነጋገር፣ በአንድ ብሔረሰብ ዘዬ ላይ ሙድ እየያዙ ማሳቅ ይቅር። ቀላል ስለሆነ ነው የሚለመደው። አዳራሹ ውስጥ ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። የጥበቃውን አማርኛ፣ የቤት ሠራተኛዋን አማርኛ እየተኮላተፉ ማሳየት ችግርን ወደ ጥበብ መቀየር አይባልም። የተቸገረውን ሰው እንደገና መምታት ነው። እኔ ጋ የሚመጣ ልጅ ይህን ካደረገ አስቆመዋለሁ።

ፊልም ላይ ለመድረስ የምትቸኩሉ ስላላችሁ የቻፕሊንን መሰላል ቶሎ ላሳያችሁ። በልጅነቱ ከእንጨት ጫማ ጨፋሪዎች ቡድን ጋር ከተማ ለከተማ ዞረ። ከ1903 ጀምሮ በቲያትር ውስጥ የመልእክተኛ ልጅ ሆኖ ተጫወተ። በ1908 ፍሬድ ካርኖ የሚባል ሰው የሚመራው የኮሜዲ ቡድን ውስጥ ገባ። እዚያ ለዓመታት አንዱን ጭውውት በየምሽቱ እየደጋገመ ሠራ። ወደ ፊልም ሥራ የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1913 ማብቂያ፣ በሳምንት 150 ዶላር። በ1915 በሳምንት 1,250 ዶላር ሆነ። በ1916 የፈረመው ውል በዓመት 670,000 ዶላር ነበር። ዕድሜው ገና 26። ያንን ውል የተደራደረለት ሲድኒ ነው፤ ያው የመጠለያው ወንድም።

ዛሬ ስልካችሁ ካሜራ ነው፤ ቲክቶክ ላይ ዛሬውኑ መልቀቅ ትችላላችሁ። ልቀቁ። ግን ያንኑ ጭውውት መጀመሪያ አሥር ጊዜ ሰው ፊት ሥሩት። ሰፈር፣ ሰርግ፣ ትምህርት ቤት፣ የትም ይሁን። ሰው የት ላይ ትንፋሹን እንደሚይዝ ስልክ አይነግራችሁም። ውል ሲመጣ ደግሞ ብቻችሁን አትፈርሙ። ሲድኒ የሚሆናችሁን ሰው ከአሁኑ አዘጋጁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልጅነቱ ጽፏል። ሰፈሩ ጫፍ ላይ ቄራ ነበር። አንድ ቀን አንድ በግ አመለጠ። ሰው ሊይዘው ይሮጣል፣ ይወድቃል፤ ሰፈሩ ይስቃል፣ እሱም ይስቃል። በጉ ተይዞ ወደ ቄራው ሲመለስ ግን ነገሩ ገባው። እያለቀሰ ወደ እናቱ ሮጠ፤ ሊገድሉት ነው አላት። ሳቅና ሐዘን አንድ ላይ የሚሄዱበትን መንገድ ያሳየኝ ያ ቀን ይሆን እንዴ እያለ ኋላ ራሱን ጠይቋል።

ስለዚህ ጭውውታችሁን ስትጽፉ በጉን ፈልጉ። ሰው እየሳቀ ሳለ የሚገባው ነገር ምንድን ነው? ቻፕሊን በ1921 ባወጣው ዘ ኪድ ውስጥ ከመንገድ ያነሳውን ልጅ ጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ያሳድጋል። ልጁን ወደ ማሳደጊያ ሊወስዱበት መኪና ይዘው ሲመጡ በቤት ክዳን ላይ እየዘለለ ይከተላቸዋል። ራሱ በዚያ በር አልፏል። በ1919 ደግሞ የመጀመሪያ ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞቶበታል። ፊልሙ ላይ ስለ እነዚህ አንድ ቃል የለም። ስታዩት ግን ጣሪያው ላይ የሚሮጠው ሰው እየተጫወተ አይመስልም።

ቁስሉ ገና ትኩስ ከሆነ ተዉት፤ ይቆይ። ስትለማመዱት ድምፃችሁ የሚቆረጥ ከሆነ ገና ነው ማለት ነው። እኔ የስኳሩን ነገር ለመጻፍ ሃያ ዓመት ጠብቄያለሁ።

ደግሞ የቤተሰባችሁን ፈቃድ ጠይቁ። ገመናው የእናንተ ብቻ አይደለም። ብዙዎች ይህን ይዘሉታል። እኔም ልዘለው ነበር፣ ፈርቼ። በኋላ ግን አንድ እሁድ እናቴ ጋ ሄድኩና ቡና እያፈላች ጭውውቱን ነገርኳት። ጉልበት ለመሳም ወገቤን ሳላጥፍ እንደ ወታደር እንደተንበረከክሁ፣ አጎቴ አንስቶ ደረቱ ላይ እንዳስጠጋኝ፣ ብርጭቆው በሁለታችን መሃል እንደቀረ። መጨረሻውንም ነገርኳት። ያን ሁሉ ተጨንቀን ቡናው ሲቀርብ፣ ስኳሩም ሲቀርብ፣ አጎቴ «እኔ እንኳ ቡና በጨው ነው የምወደው» ብሎ ጨው አስመጣ። በልጅነቴ በጣም ነበር የተናደድኩት። ጭውውቱም እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፤ ልፋቱ ሁሉ በከንቱ ሲቀር ሰው ይስቃል።

እናቴ ጀበናውን አስቀመጠችና ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ ጋሼ እኮ ቡና በጨው ጠጥቶ አያውቅም» አለችኝ። «ቤቱ ስንሄድ ሁለት ማንኪያ ስኳር ነበር የሚያደርገው።»

አጎቴ አውቋል። ስኳሩ ለእኛ እንዲተርፍ ነው ጨው የጠየቀው። በቤቱ ውስጥ እንግዳውም እንደ እኛው አንድ ነገር ደብቆ ነበር። ይህን እኔ ብቻዬን ብጽፈው ኖሮ አላገኘውም ነበር።

ከዚያ አዲስ ችግር መጣ። አጎትየው ማወቁን ተመልካች እንዴት ይወቅ? ቢናገር ይበላሻል። ጃኬቱ ላይ ቢያፈጥ ልጁም ያውቃል፣ እናትየዋም ታውቃለች፤ ክብራቸው ያልቃል። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አልሆነልንም። ሦስተኛው ላይ ቻፕሊን በ1931 ያወጣው ሲቲ ላይትስ ትዝ አለኝ። እዚያ ውስጥ አንዲት ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ ቻፕሊን የሚጫወተውን ድሃ ሀብታም ነው ብላ መሳሳት አለባት። ፊልሙ ንግግር የለውም። እንዴት ትሳሳት? ያችን አጭር ትዕይንት 342 ጊዜ ቀርጿታል። በመጨረሻ መፍትሔው የመኪና በር ሆነ። ድሃው መንገድ ለመሻገር በቆመ መኪና ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ በሩ ሲዘጋ እሷ ትሰማለች፤ ከመኪና የወረደ ጌታ ይመስላታል።

ድምፅ! እኛም ብርጭቆ አለን።

አሁን እንዲህ ነው የምንሠራው። አጎትየው ከባድ ኮት ይለብሳል፤ ትልልቅ የብረት ቁልፍ ያለው። ልጁን አንስቶ ሲያቅፈው ብርጭቆው ቁልፉ ላይ «ቀጭ» ይላል። የአጎትየው እጅ ልጁ ጀርባ ላይ ባለበት ይቆማል። አንድ፣ ሁለት። ወደ ታች አያይም። ልጁን ከወትሮው ቀስ አድርጎ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ልጁ ብርጭቆውን ደግፎ ወደ ጓዳ ሲሮጥ ሰው ይስቃል። ቡናው ሲቀርብ አጎትየው የስኳሩን ብርጭቆ በመዳፉ ወደ ልጆቹ ገፋ ያደርገውና ጨው ይጠይቃል። የመጀመሪያውን ፉት ሲል ፊቱን እንዳያጨማድድ ተዋናዩን አደራ ብዬዋለሁ። ጠጥቶ ይጨርሳል፣ ሲኒውን ይመልሳል፣ «ድገሚኝ» ይላል።